ዘግቻታለሁ

ሳፊያ ያን ቃል የሰማችው ጣራ ላይ ሆና ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የቤቱ ግድግዳ ወፍራም፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ስልክ እንደ ልብ የሚሰማው ከጣራ ላይ ነው። የሰፈሩ ልጃገረዶች ልብስ ማስጣት የሚወዱት ለዚሁ ነው እየተባለ ይቀለዳል። እሷም የአባቷን ጀለቢያ ገመዱ ላይ እየዘረጋች፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ሩቅ ቦታ ከሚሠራው ፍቅረኛዋ ከናስር ጋር ታወራ ነበር።

ያን ቀን ወሬው እንደ ወትሮው አልሄደላትም። ልትነግረው የፈለገችው ነገር አለ። ከድሬዳዋ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። ልጁ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቷ ሐጂ ሙክታር ቤተሰቡን ለብዙ ዘመን ያውቁታል፣ ያከብሩታል። ከአረፋ በፊት መልስ ይፈለጋል። በዚያ ላይ ትናንት ናስር የሥራ ፈቃዱን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሌላ ጊዜ እንዳስተላለፈ ሲነግራት ስልኩ ላይ ጮኻበታለች። ይቅርታ ልጠይቀው ወይስ የድሬዳዋውን ልንገረው እያለች ታመነታለች።

"ናስር፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አለችው በመጨረሻ።

"ንገሪኝ የኔ ማር።"

"ሳትቆጣ ግን..."

ከማዶ አንድ የወንድ ድምፅ "ዋሪያ! ናስር!" ሲል ተሰማት። የሥራ ባልደረባው ኤርሚያስ ነው። የናዝሬት ልጅ ቢሆንም ከናስር ጋር ከሠራ ወዲህ በሐረሮች አጠራር ሰው ሁሉ "ዋሪያ" ሆኖለታል።

"አንዴ ጠብቂኝ፣ እንዳትዘጊው" አለና ናስር ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሳፊያ ጠበቀች። ጨርቅ ሲፋተግ፣ ከዚያ የሁለት ሰዎች ወሬ ተሰማት።

"እሷስ? እንዴት ሆነች?" አለ ኤርሚያስ።

"ዘግቻታለሁ።"

"ኧረ! ትናንት እንደዚያ ስትጮህ አልነበር?"

"ስትጮህ ነው የዋለችው። መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስንባትና ዝም አለች። አሁን ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ቆይታ በራሷ ጊዜ ትሞቃለች።"

"ካልሞቀችስ?"

"ካልሞቀች ምን ይደረጋል አቦ? እሷ ብቻ አይደለች፤ ሌላ እንሞክራለና!"

ሁለቱም ሳቁ።

"ዘጋኝ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሐረር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ስልክሽን ያላነሳ፣ መልእክትሽን አይቶ ያለፈ፣ መንገድ ላይ ሲያይሽ ማዶ የተሻገረ፣ እሱ ዘግቶሻል። ሳፊያ ስልኩን ከጆሮዋ አነሳችና እንደ እንግዳ ዕቃ አይታ ዘጋችው። የረጠበውን ጀለቢያ ጨብጣ ያዘች። ከጨርቁ የሚንጠባጠበው ውሃ እግሯን ሲያረጥባት እንኳ አልታወቃትም። "በሰው ፊት!" አለች ለራሷ። ያመማት መዘጋቷ ብቻ አልነበረም። መሳቂያ መሆኗ ነው።

* * *

ናስር የሐኪም ጋራ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ቡናና ጊሽጣ ያመርታል፤ ጊሽጣውን በአህያ ጭኖ እየመጣ በጀጎል በር ላይ ይሸጣል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ድንጋይ ተማረ፤ ሲመረቅም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሐይቁ ማዶ ባለ ተራራ ሥር ከምድር በታች ያለውን እንፋሎት በሚያወጡ ሰዎች ዘንድ ሥራ አገኘ። ጂኦተርማል ይሉታል። ከሳፊያ ጋር የተዋወቁት የሥራ ቱታው ኪስ ተቀድዶ ሊያሰፋው ወደ ሐጂ ሙክታር ሱቅ በመጣ ጊዜ ነው። ኪሱ ተሰፋ። በሚቀጥለው ፈቃዱ ሌላኛው ኪስ ተቀደደ። በሦስተኛው ሳፊያ ቱታውን ገልብጣ አየችና "ይሄ እኮ በምላጭ የተቀደደ ነው" አለችው። ናስር እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል።

ሐጂ ሙክታር ነገሩን ሲሰሙ አልጮሁም። "ጉድጓድ ቆፋሪ?" ብለው ወደ ስፌታቸው ዞሩ። በከተማው ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ወይ መቃብር ነው የሚቆፍረው፣ ወይ መጸዳጃ። የተማረ ሰው መሬት ሊቆፍር አገር አቋርጦ ይሄዳል ብሎ የሚያምን ሰው የልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር በሆነው በመኪና ግርግር ጥቂት ነው።

ያን ቀን ከጣራው ከወረደች ወዲህ ናስር ደወለ፤ ሳፊያ አላነሳችም። ጻፈ፤ አላነበበችም። አክስቷ ዘሀራ፣ የሐጂ ሙክታር እህት፣ የልጅቱ እናት ካረፈች ጀምሮ እንደ እናት የሆነቻት ሴት፣ ፊቷን አይታ ምንም አልጠየቀቻትም። አንድ ቀን ክር እያጠነጠኑ ሳለ ብቻ፣

"አባትሽ የድሬዳዋዎቹን ይምጡ ልበል ወይ ይላል" አለቻት።

"ይምጡ።"

"ፊታቸው ይጠይቅሻል። ወጉን ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። ልጃገረድ በሽማግሌ ፊት "እሺ" አትልም፤ ያሳፍራል። አባት ይጠይቃል፣ ልጅ አንገቷን ትደፋለች፣ ዝምታዋ እሺታዋ ይሆናል፤ ከዚያ የማሰሪያው ጸሎት፣ ፋቲሃ፣ ይደረጋል። እናቷ እንደዚያ ነው የተዳረችው። ዘሀራም እንደዚያው። ሳፊያ ክሩን ጠበቅ አድርጋ ሳበችውና "ዝም ማለት ምን ይከብዳል?" አለች። ድምፅዋ ግን ዘሀራን አላረጋጋትም።

* * *

ናስር ፈቃድ አግኝቶ የመጣው መብራት በጠፋበት ቀትር ነው። ሐጂ ሙክታር ለዙሁር ሰላት መስጊድ ሄደዋል። የሱቁ የኤሌክትሪክ ጥልፍ መኪናዎች እንደ ተኙ ከብቶች ዝም ብለዋል፤ ደጅ ላይ የተደረደሩት የእግር መኪናዎች ብቻ ይንጫጫሉ።

አንዱ ልብስ ሰፊ ከሩቅ አየው። "ኧረ አቦ! ናስር መጣ! መብራት ሄዳለች፤ እንፋሎትህን ኪስህ ይዘህ መጥተህ እንደሆን አውጣልን!"

"ተወው" አለ ጎኑ ያለው፣ መርፌውን ሳያቆም። "የእሱ እንፋሎት እስካሁን አንድ ጀበና አላፈላም።"

ናስር እንደ ልማዱ አልመለሰላቸውም። ዓይኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ ጨርቅ ከምታጥፈው ልጅ ላይ ነው። ከስታለች። ሻሽዋን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ አስራዋለች።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም። ምን ልታዘዝ?"

"ሳፊያ..."

"የሚሰፋ ነገር አለዎት? ወይስ የሚለካ?"

ናስር ያንን "ዎት" ሲሰማ እርምጃውን ገታ። ሁለት ዓመት "አንተ" ያለችው አፍ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

"እኔ ነኝ እኮ።"

"ማን እንደሆኑማ አውቄያለሁ። ዘግይቼ ነው እንጂ።"

የእግር መኪናዎቹ ድምፅ አንድ በአንድ እየቀነሰ መጣ። መኪና ግርግር ውስጥ ሥራ የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ወሬ ሲመጣ ነው።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አለ ናስር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስልክ አታነሺም፣ መልእክት አትመልሺም። ለምን ዘጋሽኝ?"

"እኔ ነኝ የዘጋሁት?" 'እርስዎ' ማለቱ ከአፏ ጠፋ። "እኔ? 'ዘግቻታለሁ' ያልከው አንተ! በጆሮዬ ሰማሁህ። 'ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስንባትና ዝም አለች' አላልክም? 'ለብቻዋ ትቀመጥ' አላልክም? 'እሷ ብቻ አይደለች፣ ሌላ እንሞክራለን' ብለህ ከጓደኛህ ጋር አልሳቅህብኝም?"

ናስር አፉን ከፍቶ አያት። መጀመሪያ ምንም አልገባውም። ከዚያ ገባው። ከዚያ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ሳቀ።

ለማሾፍ አልነበረም። ለሳምንታት ደረቱን ሲያፍነው የከረመው ጭንቀት በአንድ ጊዜ ሲለቅ በሳቅ መልክ ነው የወጣው፤ መደርደሪያውን ይዞ እስኪያጎነብስ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ሰው ሲስቅ ምክንያቱ ፊቱ ላይ አይጻፍም። ሳፊያ ያየችው የሳቀባትን ሰው፣ አሁንም በሰው ፊት የሚስቅባትን ሰው ነው። ያጠፈችውን ጨርቅ በቀስታ አስቀመጠች። "በቃ" አለች። በልብስ ሰፊዎቹ መሃል፣ ቀና ብላ፣ ማንንም ሳታይ ሄደች። እንባዋ የመጣው ከጠባቡ መንገድ ከታጠፈች በኋላ ነው።

* * *

"ምን ያስገለፍጥሃል አንተ?" አለች ዘሀራ ከጓዳ ብቅ ብላ። "የሰው ልጅ አስለቅሰህ!"

"ጉድጓዷን ነው እኮ አክስቴ! ወላሂ ጉድጓዷን ነው!"

"የምን ጉድጓድ?"

ናስር ዓይኑን ጠርጎ አስረዳት። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ እንፋሎቱ ከታች እየገፋ ይጮኻል። ያኔ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላበትና ጸጥ ይላል። አፉ በትልቅ ቫልቭ ይዘጋል፤ ለሳምንታት አይነካም። ከሥር ያለው የጋለ ድንጋይ ውሃውን መልሶ እስኪያሞቀው ነው የሚጠበቀው። ሳይሞቅ ከተከፈተ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አይታወቅም። ካልሞቀ ደግሞ ሌላ ቦታ ይቆፈራል።

ዘሀራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችው።

"እሺ። 'እሷ' የምትላት ታዲያ ምን ሆና ነው? ጉድጓድ ሴት ናት እንዴ?"

"እኛ ዘንድ ናት።"

"አስተግፊሩላህ!" ሻሽዋን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ተንቀጠቀጠች። ከደጅ ያሉት ልብስ ሰፊዎችማ መኪናቸውን ትተው ይንፈራፈራሉ። ዘሀራ ቶሎ ኮስተር አለች። "ነገ ከሰዓት እኔ ግቢ ና። እኔ ብነግራት አታምነኝም። ግን ሳቅህን እዚሁ ትተህልኝ ሂድ፤ ሰማህ?"

በማግስቱ ዘሀራ የግቢዋን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ ክር ትለይ ጀመር። ሁለቱ ከግንቡ ጥላ ሥር ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ናስር ዛሬ አልሳቀም። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ነገራት። ሳፊያ ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬቱን እያየች ሰማችው።

"ካላመንሽኝ ለኤርሚያስ ልደውልልሽ።"

"አትደውል" አለች። ቆየት ብላ፣ "አባቴም አሮጌዋን የጥልፍ መኪና 'ዛሬ ደክሟታል፣ ትረፍ' ይላታል" አለች። የከንፈሯ ጠርዝ ፈገግ ማለት ጀመረ። ናስር ያን ፈገግታ ሲያይ ዓለም ወደ ቦታዋ የተመለሰች መሰለው። ግን አልቆየም፤ ፊቷ ተመልሶ ደፈረሰ።

"ቃሉን ተሳስቻለሁ ናስር። ፍርሃቴን ግን አልተሳሳትኩም።"

"የምን ፍርሃት?"

ያኔ ጣራ ላይ ያልጨረሰችውን ነገረችው። የድሬዳዋዎቹ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይመጣሉ።

ናስር ከመሬት ጠጠር አንስቶ በጣቱ ያገላብጥ ጀመር። ዘሀራ እንኳ ክር መለየቷን አቆመች።

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ደህና ሰው ነው ይላሉ። አይሰክርም፣ አይሳደብም። ሱቁ ከቤቱ ሥር ነው። ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።"

ከተናገረችው ሁሉ የወጋው የመጨረሻው ነው። እሱ ማታ ማታ የትም አይገባም። ቁፋሮ ሲመሽ አይቆምም፤ በፈረቃ ቀንና ሌሊት ይሠራል።

"ልዋሽሽ እችላለሁ" አለ። "'ትቼው ሐረር እመጣለሁ' ልልሽ እችላለሁ። ግን ከዚህች ጉድጓድ በኋላ ሌላ አለ፣ ከዚያም ሌላ። ሥራው እየሰፋ ነው። አገሩ ሁሉ ዓይኑ ግድብ ላይ ነው፤ ግድብ ደግሞ ዝናብ ይጠብቃል። ፀሐይም ትገባለች፣ ነፋስም ይቆማል። ከምድር ሥር ያለው ሙቀት ግን ክረምት ከበጋ አይልም። ይህን ሥራ የሚያውቀው ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ሳፊያ፣ እኔ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ትቼው ብመጣ ቤት ተቀምጦ የሚያኮርፍ ባል ነው የምሆንብሽ።"

"እና እኔስ?" ዓይኖቿን አነሳች፤ ሞልተዋል። "እናንተ ስትፈልጉ ትዘጋላችሁ፣ ሲሞቅ ትከፍታላችሁ። ሰው እንደ ጉድጓድ ተዘግቶ ይጠብቃል እንዴ?"

"አይጠብቅም። ለዚህ ነው ጠብቂኝ የማልልሽ። አብረን እንሂድ ነው የምልሽ።" ድምፁ ተሰበረ። "ሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ ትንሽ ናት። ይሞቃል፣ አቧራ አለ፣ ዘመድ የለሽም። የባልደረቦቼ ሚስቶች ግን እዚያ ይኖራሉ። ፈረቃ በሌለኝ ጊዜ ቤት አለሁ። የጥልፍ መኪናሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፤ እንዳንቺ የሚጠልፍ ሰው እዚያ አላየሁም። ከዚህ የተሻለ የምሰጥሽ ነገር የለኝም።"

ሳፊያ አንገቷን ደፋች። አንድ ቃል እንኳ አልወጣትም። የግንቡ ጥላ ረዝሞ ዘሀራ የተቀመጠችበት ደፍ ድረስ ደርሷል።

ናስር ተነሳ። "በእናንተ ቤት ዝምታ እሺታ ነው ይባላል" አለ። "እኔ ግን አልወስደውም። እሺም ካልሽ፣ እምቢም ካልሽ በአፍሽ ይሁን።" ዘሀራን እጅ ነስቶ ወጣ። ሳፊያ የእርምጃው ድምፅ በድንጋዩ መንገድ ላይ እየራቀ እስኪጠፋ አዳመጠች። ሲጠፋ ደረቷ ውስጥ የቀረው ባዶነት ከቁጣ የባሰ መሆኑን አወቀች።

* * *

የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ሲመጡ ናስር ወደ ሥራው ተመልሷል። ሐጂ ሙክታር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከፍ ካለው የግንብ መቀመጫ ላይ እንግዶቹን በክብር አስቀመጡ። ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሐጅ ተወራ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ በሩ ዞረ፤ ሳፊያ ገብታ ከዘሀራ ጎን ተቀመጠች።

"ሳፊያ ልጄ" አሉ ሐጂ ሙክታር። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። "እነዚህ የተከበሩ ሰዎች ለምን እንደመጡ ታውቂያለሽ። ምን ትያለሽ?"

አንገቷን ደፋች። የምንጣፉን አበባ አየች። ከእንግዶቹ ትልቁ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ፣ ፈገግ አሉ። "ማሻአላህ" ብለው እጃቸውን ለፋቲሃ ዘረጉ። ሌሎቹም ዘረጉ። የአባቷ እጆችም ከጉልበታቸው ላይ ተነሱ።

"አይደለም!"

ድምፁ ከማን እንደወጣ ራሷም ለአፍታ አላወቀችም። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

"ይቅር ይበሉኝ አባ። ዝም ያልኩት ቃል እየፈለግሁ ነው፤ እሺ ብዬ አይደለም።" እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። "ልጃቸው ነውር የለበትም። እነሱም ክብራችን ናቸው። ግን ልቤ የሌለበት ኒካህ ውስጥ ዝም ብዬ ልገባ አልችልም። ዛሬ ዝም ካልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ማለቴ ነው።"

ዘሀራ ዓይኗን ጨፍናለች። ሐጂ ሙክታር ፊታቸው እንደ አመድ ነጣ። ባለ ቀይ ጺሙ ሽማግሌ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው መለሱ።

"ሐጂ" አሉ፣ "አይዞዎት፣ አይከፉ። ወላሂ፣ ልጅቷ ልጃችንን ከብዙ መከራ ነው ያዳነችው። እምቢታን ከኒካህ በኋላ ከመስማት አሁን መስማት ይሻላል።" ተነሱ። ሲወጡ በሳፊያ አጠገብ ቆም ብለው "አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ" አሏት። ከስድብ ሁሉ በላይ ያስለቀሳት ይህ ደግነት ነበር።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

"በሰው ፊት!" አሉ ሐጂ ሙክታር። "በሰው ፊት ሳፊያ!"

"ሰው በሌለበት ብነግርዎት ይሰሙኝ ነበር?"

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ፍትሐዊ ሰው ስለሆኑ ዘጉት። "አልሰማሽም ነበር" አሉ ቆይተው። "ያ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው?"

"አዎ አባ።"

"አባቱን አውቀዋለሁ። ከእሱ ስንት ጊሽጣ ገዝቻለሁ፤ የበሰበሰ ከሥር ደብቆ ሸጦልኝ አያውቅም።" መቁጠሪያቸውን አንስተው ሳይቆጥሩበት አስቀመጡት። "ድህነቱን የፈራሁ ይመስልሻል። ስሙንም ይሆናል፤ አልዋሽም፣ 'ጉድጓድ ቆፋሪ' የሚለውን ስምም ጠልቼዋለሁ። ግን እናትሽ ካረፈች ይህ ቤት ቤት የሆነልኝ ባንቺ ነው። ድሬዳዋ ቅርብ ናት ብዬ ነበር። ጠዋት ሄጄ፣ ምሳ በእጅሽ በልቼ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ ብዬ። የእሱ አገር ግን..." አልጨረሱትም።

ሳፊያ አባቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም ነበር። እግራቸው ሥር ተንበርክካ እጃቸውን ሳመች፤ ጉንጯን እጃቸው ላይ አሳርፋ ቀረች። ለካ በዚያ ሁሉ ቁጣ ሥር የነበረው ናፍቆት ነው፤ ገና ሳትሄድ የጀመረ ናፍቆት። እሳቸውም ሌላኛውን እጃቸውን ሻሽዋ ላይ አደረጉ።

"ሽማግሌ ይላክ" አሉ በመጨረሻ። "እሺ እላለሁ አላልኩም። ግን ወጉን ያድርስ። ይላክ።"

* * *

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ጣራው ላይ ደርሳ ስትደውል ናስር ወዲያው አነሳ፤ ግን ከጀርባው የሚያጓራው የቁፋሮ ማሽን ድምፁን ዋጠው። አዲሱን ጉድጓድ ጀምረዋል።

"ሳፊያ! ደህና ነሽ? ሰዎቹ መጡ?"

"መጥተው ሄዱ! እምቢ አልኩ!"

"ምን?"

"እምቢ አልኩ! በአፌ! አባቴ ደግሞ ሽማግሌ ይላክ አለ!"

"ማን ታመመ? አባትሽ?"

"አልታመመም!" ሳቅና እንባ አንድ ላይ ያዛት። "ሽማግሌ! ሽማግሌ ላክ!"

"አልሰማሽም! ማሽኑ ነው! ጮክ በይ!"

ሳፊያ ወደ ጣራው ጠርዝ ሄደች። የጀጎል ጣሪያዎች ከፊቷ ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ወዲያ ሐኪም ጋራ በምሽቱ ፀሐይ ቀልቷል። በሕይወቷ ድምፅዋን ከግቢ አውጥታ አታውቅም። ትንፋሿን ሳበች።

"ሽማግሌ ላክ ናስር! ሽማግሌ ላክ!"

በየግቢው የነበረ ወሬ ቆመ። አንድ መስኮት ተከፈተ። ከማዶ ጣራ ላይ ልብስ የሚሰበስቡ ሴቶች እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ራቅ ልበል" አለ ናስር። ሲሮጥ ትንፋሹ ተሰማት፤ የማሽኑ ጩኸት እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጸጥ አለ። "በይ አሁን ንገሪኝ። ሁሉንም ንገሪኝ። ጸጥ ብሏል።"

አሁን ግን አቃታት። ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ እየጠበቀ፣ በዚያ ጸጥታ መሃል፣ ሰማይ ሥር ቆማ፣ አፏ ተሳሰረ። ማልቀስ ብቻ ቻለች።

"ሳፊያ? ሳፊያ! ምን ሆንሽ? አታስፈሪኝ!"

ከጎረቤት ጣራ እማማ ገላነሽ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ የሰፈሩ ባልቴት፣ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣

"ሽማግሌ ላክ አለችህ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!" ብለው ጮኹ።

ከስልኩ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅም ለቅሶም ያልለየለት። "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ደግሞ አለ፤ ደግሞ አለ። ከማዶ ጣራ የመጀመሪያዋ እልልታ ተነሳች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ድምፁ በጠባቦቹ መንገዶች ወረደ።

"ሰማ ወይ?" አሉ ሐጂ ሙክታር ከታች ከግቢው። ቀና ብለው አላዩም፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ሰማ አባ።"

"እንግዲያ ውረጂ። ብርድ ይመታሻል።"

ሳፊያ መውረድ አልቻለችም። እዚያው ያስቀራት ደስታ ይሁን ወይስ የአባቷን ድምፅ ትታ እንደምትሄድ ገና አሁን መረዳቷ፣ መለየት አቃታት። ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ከታች የቆሙትን አባቷን እያየች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደደቻቸው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ናፈቀቻቸው።